አሮጌ መኪና እምቢ ሲል ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር

ክረምት ላይ ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ዲኤክስ ቶዮታዬ ውስጥ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። «ጠቅ» አለና ዝም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው «ጠቅ»። የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝና በቀጥታ ወደ አንድ ጋራዥ ነዳሁት። እዚያ ኮፈኑ ተከፍቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ሞተሪኖው አልቋል» ተባልኩ፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ሞተሪኖ ገዛሁ፣ የእጅም ከፈልኩ። ተገጠመ፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

በሳምንቱ «ጠቅ» ተመልሶ መጣ።

በዚህኛው ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ጠራሁ። ጋሼ ምንም መሣሪያ አልያዙም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሞርሴቶ፣ ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረውን ብረት፣ በሁለት ጣታቸው ያዙና ገፋ አደረጉት። ዞረ። በእጅ የሚዞር ሞርሴቶ! ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ነበረበት። አውልቀን ጠረግነው፣ በ10 ቁልፍ አጠበቅነው፣ መኪናው ወዲያው ተነሳ።

«ታዲያ ሞተሪኖው ሲቀየር ለምን ተሻለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሞተሪኖ ለማውረድ መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይታሰራል። የተሻለው እሱ ነው» አሉኝ። የድሮው ሞተሪኖ ምንም አልነበረበትም ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ መልስ ነው። አንድ ዕቃ ተቀይሮ መኪናው ስለተሻለው ብቻ ጥፋተኛው ዕቃው ነበር ማለት አይደለም። ዕቃው ሲቀየር አብሮ የተነካ ሌላ ነገር ይኖራል።

በእኛ አገር አሮጌ መኪና የሚያዘው አማራጭ ስለጠፋ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ዲኤክሱም፣ ላዳውም፣ ቮልሱም፣ አሁን ራሷ አሮጌ የሆነችው ቪትዝም ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። በግምት የሚቀየር እያንዳንዱ ዕቃ ከቤት ወጪ ላይ ይቀነሳል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ገንዘብ ከማይጠይቀው ይጀምርና ቀስ እያለ ወደሚጠይቀው ይሄዳል።

ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ መኪናው ላይ መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው? ትናንት ዘይት ተቀይሮ ከሆነ፣ ራዲዮ ተገጥሞ ከሆነ፣ ላቫጆ ገብቶ ሞተሩ ታጥቦ ከሆነ፣ ችግሩ እዚያው አካባቢ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዘይት የቀየረው ልጅ ክርኑ ነክቶት የወለቀ ሶኬት ይኖራል። የአየር ፊልትሮውን ከፍቶ ሲመልስ ያልገጠመው ቱቦ ይኖራል። ከዚያ ቦታ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ነዳጅ አለው? እንዲህ ሲጠየቅ የሚናደድ ሰው አለ። ግን የአሮጌ መኪና የነዳጅ ጌጅ አይታመንም። ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ስትጣበቅ መርፌው ሩብ ላይ ይቆማል፤ ቤንዚኑ ግን አልቋል። መኪናውን በእጅ ወዝወዝ አድርጋችሁ ከኋላ የነዳጁን ድምፅ አዳምጡ። ካጠራጠራችሁ አምስት ሊትር ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ኮፈኑን ክፈቱና እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱ። በስልክ መብራት ጥግ ጥጉን እዩ። የተንጠለጠለ ሽቦ አለ? አይጥ የላጨው ገመድ አለ? የወለቀ ቱቦ፣ የረጠበ ቦታ፣ አዲስ የዘይት ጠብታ? ከዚያ አሽትቱ። ጣፈጥ የሚል የሞቀ ሽታ የራዲያተር ኩላንት ነው። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቺንጊያ (ሞተሩ ላይ የሚዞረው ቀበቶ) ወይም ሽቦ ነው። የቤንዚን ሽታ በደንብ ከመጣ ግን ቁልፍ አታዙሩ፤ ከየት እንደሚያፈስ እስኪታወቅ ሞተሩ አይነሳ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ቶዮታ ከሆነ 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ቁልፍ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ ጨምሩ። መግዛት ከቻላችሁ ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዙ፤ ከገዛኋቸው የመኪና ዕቃዎች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያተረፈልኝ እሱ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሁን። ቀለበት አውልቁ። ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ረጅም እጅጌ ቺንጊያው አጠገብ እንዳይደርስ።

አንድ ደንብ ደግሞ አለ፤ እሱን ከተዋችሁ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኩ፤ ነክታችሁ ሞክሩ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ነክታችሁ ቢነሳ የትኛው እንደሆነ አታውቁም፤ ነገ ሲመለስ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ቁልፍ ሲዞር ዝም፣ ወይም «ጠቅ» ብቻ

ትልቁን መብራት አብሩ። ሰው የፊቱን መብራት እያየላችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጭራሽ ከጠፋ ወይም እንደ ሻማ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞርሴቶው አልያዘም። መብራቱ ምንም ሳይቀንስ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ይህች አንዲት ሙከራ ፍለጋውን ለሁለት ትከፍለዋለች።

መብራቱ ከደበዘዘ ወደ ሞርሴቶ ሂዱ። በእጅ ለማዞር ሞክሩ፤ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ልቅ ነው። ሲፈታ ሁልጊዜ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ፖዘቲቩ። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ ፖዘቲቩን በመጀመሪያ ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። ዱቄቱን ለማጠብ የዳቦ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጡና በጥርስ ብሩሹ እሹት። አረፋ እያወጣ ይለቃል። ፈሳሹ ወደ ባትሪው ቀዳዳዎች እንዳይገባ ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ። ብዙ ሰው ለስላሳ መጠጥ ያፈስበታል፤ ዱቄቱን ያለቅቃል፣ ግን ስኳሩ ተጣብቆ ስለሚቀር እኔ አልመክርም። ከዚያ የባትሪውን እንብርትና የሞርሴቶውን ውስጥ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። እሰሩትና ከላይ ስስ ግሪስ ቀቡት። ግሪሱ ከታሰረ በኋላ ነው የሚቀባው።

ሞርሴቶው እስከ መጨረሻ ጠብቆም የሚዞር ከሆነ ሰፍቷል ማለት ነው። ከቆርቆሮ የተቆረጠች ቁራጭ መሐል አስገብቶ ማሰር ሁላችንም የምናውቀው ዘዴ ነው፤ ቤት ያደርሳል። ግን በሳምንቱ አዲስ ሞርሴቶ ግዙ፤ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው።

ከኔጌቲቩ የሚነሳውን ወፍራም ገመድ ተከትላችሁ ሂዱ። አንዱ ጫፍ ቦዲው ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ላይ ይታሰራል። ማሳ የምንለው እሱ ነው። ያ ቡሎን ከዛገ ወይም ከላላ፣ አዲስ ባትሪ ብትገጥሙም «ጠቅ» አይቀርም። ፍቱት፣ ፈትጉት፣ መልሳችሁ እሰሩት።

ቴስተር ያላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ሌሊቱን የቆመ መኪና ጠዋት ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ያህል ነው። ከ12 ከወረደ ቻርጅ ይደረግ እንጂ ገና አይጣል። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወድቅ ከሆነ ባትሪው ሸክም አልችል ብሏል። አሁን የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው እንብርት ላይ፣ ሌላውን ሞርሴቶው ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ሁለቱ እየተነካኩ ስለሆነ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። ግማሽ ቮልት ካያችሁ እዚያ መሐል ቆሻሻ አለ፤ ዓይን ባያየውም። ለጋሼ ጣታቸው የነገራቸውን ለእኛ ቴስተሩ ይነግረናል።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። ፕሌቶቹ ከውሃ በላይ ከታዩ የባትሪ ውሃ ጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይሁን።

መብራቱ ሳይደበዝዝ ዝም ላለው ደግሞ፦ ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከፓርኪንግ ወደ ዜሮ አምጥታችሁ ሞክሩ። በዜሮ ከተነሳ ችግሩ የማርሹ ስዊች ነው። ከዚያ ሞተሪኖው ላይ የምትሰካውን ቀጭን ሽቦ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ትላላለች ወይም ትዝጋለች። ነቅላችሁ ጠርጋችሁ ስኩ። ፊውዞቹንም እዩ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልሠራ፣ ያኔ ሞተሪኖው መጠርጠር ይጀምራል።

ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ቤንዚን ሞተር ለመነሳት ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ ይፈልጋል። የትኛው እንደጎደለ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም።

ከነዳጁ እንጀምር። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው መኪና ለዚህ ደግ ነው፤ ውስጡን ያሳያል። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሱ፤ ሞተሩ አይዙር። ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ ሳብ አድርጉ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት «ጭር» ብሎ መርጨት አለበት። ከረጨ ነዳጅ ደርሷል። ካልረጨ ወደኋላ ተመለሱ፦ ፕላስቲኳ የነዳጅ ፊልትሮ ውስጥ ቤንዚን ይታያል? ቡኒ ደለል ሞልቷታል? ከሞላት ቀይሯት፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ሲጋራና ክብሪት ከዚያ አካባቢ ይራቅ።

ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሪክ ቁጥጥር የሚረጭ ሥርዓት) ያለው መኪና ላይ ቁልፉን አንድ ደረጃ ክፈቱና ከኋላ ወንበር ሥር አዳምጡ። ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ የነዳጅ ፓምፑ ነው። አንዳንድ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1990ዎቹ ቶዮታዎች ላይ ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖ ሲዞር ብቻ ስለሆነ፣ ዝምታውን ሰምታችሁ ፓምፕ ለመግዛት አትሂዱ። መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) እዩ። ሪሌ የሚሞከረው በመለዋወጥ ነው፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ለምሳሌ የክላክስ ሪሌ ካለ፣ ቦታ አቀያይሩና ሞክሩ።

አባይ በረሃን በካርቡራተር የነዳ ሰው አንድ ሌላ ነገር ያውቃል። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት በሙቀት ስትገፉ፣ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል። ቤንዚኑ በጋለው ቱቦ ውስጥ ተኖ ፓምፑ የሚስበው እንፋሎት ሆኖበት ነው። የተበላሸ ዕቃ የለም። ከመንገድ ወጣ ብላችሁ ቁሙ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ እርጥብ ጨርቅ የነዳጅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጣሉ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ይነሳል።

ወደ እሳቱ። ክረምት ላይ፣ ወይም ከላቫጆ በኋላ እምቢ ካለ፣ የምጠረጥረው የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ነው። የያዙት ሁለት መያዣዎች ወይም ቪቶች ናቸው። ክፈቱት፤ ውስጡ ጤዛ ያዘለ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከውስጥ እንደ እርሳስ መስመር ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ ካለው ግን መጥረግ አያድነውም፤ ይቀየር። ገመዶቹን ለመመርመር ጨለማን የመሰለ መሣሪያ የለም። ማታ መብራት በሌለበት ቦታ ሞተሩን አስነሱና ኮፈኑን ከፍታችሁ ተመልከቱ። የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ይታያል። እያያችሁ አትንኩት፤ ቮልቴጁ በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ደጋግማችሁ ስታስነሱ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ታንቋል፤ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሳትለቁ ለአምስት ሰከንድ ያህል አዙሩ። ካርቡራተር ላይ መርገጥ መልቀቅ፣ መርገጥ መልቀቅ ይበልጥ ያንቀዋል።

ይነሳል፣ ግን ይንቀጠቀጣል ወይም ጉልበት የለውም

ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጡና በተራቸው ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ እንዳይምታታ። ጫፋቸው የቡና በወተት ቀለም ካለው ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። እርጥብና ዘይታም ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ ያ ወደ ፒስተን ፋሻና ቫልቭ የሚያመራ ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ ያለው በዚያ ሲሊንደር ነው።

አራቱም ጥቁር ከሆኑ የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ አንሱት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። አዲስ አበባ ላይ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ይህን ራሱ አያስተካክልም፤ ነዳጁን እንደ ቆላ ይሰጣል። በዚያ ላይ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ ሲጨመር ሞተሩ ይታፈናል። አዳማ ሲወርዱ «መኪናዬ ዳነ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አየሩ ወፈረለት እንጂ አልዳነም፤ ፊልትሮውን አይተው ይመለሱ።

ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ የሚሾልክ አየር ፈልጉ። ከሞተሩ ጋር የተያያዙ ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ጫፋቸው ይሰነጠቃል። ግማሽ ሜትር የምትሆን ቁራጭ ቱቦ ውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፣ ሌላውን ጫፍ እያንዳንዱ ቱቦ መጋጠሚያ አጠገብ አዙሩ። ፋኑና ቺንጊያው ጋ እንዳትጠጉ። የሚያፏጨው ቦታ ላይ ስትደርሱ ጆሯችሁ ውስጥ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የተሰነጠቀውን ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር «ካርቡራተር ይቀየር» ተብለው ያስቀየሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

እንደ ቪትዝ በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል (እሳቱን የሚያመነጭ ዕቃ) ያለው መኪና ከሆነና አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ፣ የዚያን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ ኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ኮይሉ ነጻ ነው፤ ካንዴላውን በዚሁ መንገድ ሞክሩ። አንድ ብር ሳይወጣ ተለየ።

የቼክ ኢንጅን መብራት የበራበት፣ በፈረንጆች የ1990ዎቹ ቶዮታ ካላችሁ ኮምፒውተር ላያስፈልግ ይችላል። ብዙዎቹ ላይ ኮፈን ሥር «ዳያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። በክዳኑ ውስጥ ባለው ሥዕል መሠረት «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙና ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን አታስነሱ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይነግራችኋል። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ከሆነ 22 ማለት ነው፤ እሱ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ችግር የለም። ቀዳዳ እንዳትሳሳቱ። ደግሞ ቁጥሩ ሴንሰር ስለጠራ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሶኬቱን ንቀሉ፣ እግሮቹ የዛጉ መሆናቸውን እዩ፣ መልሳችሁ ስኩ። ችግሩ ሽቦው ላይም ሊሆን ይችላል።

ሲሞቅ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይቅደም። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። የተቃጠለ ፊትና ክንድ አይቻለሁ። ሞተሩን አጥፉ፣ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ ቱቦ) በእጅ ለመያዝ እስኪመች ጠብቁ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊያጣምመው ይችላል። መሐል መንገድ ላይ ሆናችሁ መርፌው መውጣት ከጀመረ ማሞቂያውን በሙሉ ክፈቱ፤ ሙቀቱን ወደ እናንተ እየሳበ ለሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይገዛል። መርፌው ቀዩ ላይ ከደረሰ ግን ቁሙ።

ሲበርድ ውሃውን እዩ። ጎድሎ ከሆነ ወዴት ሄደ የሚለው ቀጥሎ ይመጣል፤ ማኒኮቶዎቹን፣ ፋሸታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን)፣ የውሃ ፓምፑን ሥር፣ የእግር ምንጣፉን ዳብሱ።

ከዚያ ክዳኑን። አሁንም ወደ ከፍታው ልመለስ፤ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ በሆነ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚያምቀው ግፊት ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ያለው ክዳን በደንብ ሲይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርጋል። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ካልያዘ፣ የኤሌክትሪክ ፋኑ እንኳ ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ባሕር ጠረፍ ያለ መኪና ላይ ያን ያህል የማይጎዳ የደከመ ክዳን እኛ ጋ ያፈላል። ላስቲኩን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉ። ድንጋይ ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ክዳን ግዙ። ራዲያተር ከማስፈታታችሁ በፊት ይህን አድርጉ ብዬ እለምናችኋለሁ።

ቀጥሎ ፋኑ። በቺንጊያ የሚዞር ከሆነ ቺንጊያውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑ፤ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው፣ ብዙ ከረገበ ይንሸራተታል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ሶኬቱን። የራዲያተሩን ፊትም እዩ፤ ገጠር መንገድ የሄደ መኪና ላይ ጭቃ፣ ገለባና ነፍሳት ይደፍኑታል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለስላሳ የውሃ ግፊት ይታጠብ፤ ኃይለኛ ግፊት ቀጫጭን ክንፎቹን ያጥፋል።

የዘይት ክዳኑ ሥር የወተት አረፋ የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ወይም ራዲያተሩ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ከቀዝቃዛው ሲነሳ አረፋ የማያቋርጥ ከሆነ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቀላሉ መንገድ አልቋል። አትንዱት፤ ተጎትቶ ይሂድ።

በቶሎ የሚታዩ ሌሎች

የባትሪ መብራት እየሄዳችሁ ከበራ መጀመሪያ ቺንጊያውን፣ ከዚያ ዲናሞው ጀርባ ያለውን ሶኬት እዩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከተለካ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ፍሬቻ ከወትሮው ከፈጠነ በዚያ በኩል አምፖል ተቃጥሏል። ነዳጅ መብላት ከጀመረ ጎማውን አስነፉ፤ ከዚያ ጥቂት ነድታችሁ ከቆማችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ከሥር የሚንቃጨል ድምፅ ሰምታችሁ ሞተር ፈረሰ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) መከለያ ቆርቆሮ ሞተሩ ሲበርድ በእጅ ነቅንቁት።

ፍሬን ግን በቤት ሙከራ የሚለመድበት ነገር አይደለም። ፔዳሉ ከሰመጠ፣ የፍሬን ዘይት ከጎደለ፣ መሪው ከተንገዳገደ፣ መኪናው ከቆመበት አይነሳ።

መካኒክ ጋ ስትሄዱ

ይህን ሁሉ ያየ ሰው መካኒክ ጋ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። የምትነግሩት ያያችሁትን ይሁን፤ ፍርዱን ለእሱ ተዉለት። «ሞተሪኖ ቀይርልኝ» ካላችሁት ይቀይርላችኋል። «ጠዋት ሲበርድ ጠቅ ይላል፣ ከሰዓት ይነሳል፣ ሞርሴቶና ማሳ ጠርጌያለሁ፣ ባትሪው 12.5 ነው» ካላችሁት ግን ለማሰብ የሚያስችል ነገር ሰጣችሁት። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ጊዜውንም ይቆጥባል። ዕቃ ይቀየር ካለ «ምን አይተህ ነው?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፣ የወረደውንም ዕቃ ተቀበሉ።

እኔ ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ውስጥ ትንሽ ደብተር አስቀምጫለሁ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የታየውን ምልክትና የተነካውን ነገር እጽፍበታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ኔጌቲቭ ሞርሴቶ፣ ልቅ» ይላል። ከሥሩ የዚያ የማያስፈልግ ሞተሪኖ ዋጋ ተጽፏል። የወረደውን የድሮ ሞተሪኖ አልጣልኩትም፤ አጽድቼ፣ ዘይት ነካ አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ፖርቶ ባጋሊዮ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።